የዲሳቢሊቲ ችሎት ቀጠሮ ሲዘገይ ምን ማድረግ ይቻላል? (አሜሪካ)

ዳዊት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ለታላቅ እህቴ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ዲሳቢሊቲ (በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ክፍያ) ማመልከቻዋ ሁለቴ ውድቅ ስለሆነ ዳኛ ፊት እንዲታይላት ይግባኝ ብላለች። የችሎት ቀን ገና አልተቆረጠም። ወረፋውን ማፋጠን ይቻላል? እስከዚያ ትንሽ ሥራ ብትሠራስ? እንግሊዝኛም ብዙ አትችልም።

ማህደር፦ ወረፋው በመሠረቱ ይግባኙ በገባበት ቀን ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ደጋግሞ መደወል አያስቀድምም። የሚያስቀድሙት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም፣ ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ስጋት፣ 100 ፐርሰንት ቋሚ ጉዳት የተወሰነለት የቀድሞ ወታደር መሆን፣ እና የከፋ ችግር።

ብዙ ሰው የሚጠቀመው የመጨረሻውን ነው፤ ቅድሚያ የሚጠይቅ ብዙ ደብዳቤ ከንቱ የሚቀረውም እዚሁ ላይ ነው። «ኑሮ ከብዶኛል» ማለት አይበቃም። ምግብ፣ መጠለያ ወይም ሕክምና አሁን እንዳጣች፣ ወይም ልታጣ እንደተቃረበች፣ የምታገኝበትም ሌላ መንገድ እንደሌላት በግልጽ ይጻፍ። ከቤት ልቀቂ የሚል ወረቀት፣ በገንዘብ እጦት ያልወሰደችው የኢንሱሊን ማዘዣ፣ የባንክ ስቴትመንት ይያያዝ። ደብዳቤው የሚላከው ጉዳዩን ለያዘው የችሎት ቢሮ ነው፤ ለሰፈሩ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አይደለም።

የሕክምና ማስረጃው ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ዳኛው ችሎት ሳይቀመጥ በመዝገቡ ላይ ብቻ እንዲወስንላት በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለች። ካልተስማማ ወረፋዋ አይነካም።

ሳምራዊት፦ የኮንግረስ ተወካይ ቢሮም ይረዳል ይባላል። እሷ የፈረመችውን የፈቃድ ቅጽ ተቀብለው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ይጠይቁላታል፤ ማህደር ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ከሌላት ግን አያስቀድሟትም። አደራ፣ በመሰላቸት ይግባኙን ትታ አዲስ ማመልከቻ እንዳታስገባ፤ የኋላ ክፍያዋን (ላለፉት ወራት የሚጠራቀምላትን ገንዘብ) ልታጣ ትችላለች።

አቤል፦ እኔ ከወረፋው ይልቅ ፋይሉ ያሳስበኛል። የችሎቱ ማስታወቂያ ቢያንስ 75 ቀን ቀድሞ ይላካል። ማስረጃ ሁሉ ከችሎቱ 5 የሥራ ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ያልደረሰ ካለ ከየትኛው ሐኪም እንደሚጠበቅ በዚያው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ። ካለበለዚያ ዳኛው አልቀበልም ሊል ይችላል።

የሐኪሙ ወረቀት «መሥራት አትችልም» ብቻ ካለ ብዙም አይጠቅማትም፤ ያንን የሚወስነው ዳኛው ነው። የሚፈለገው የአቅሟ ልክ በቁጥር ነው፦ ስንት ደቂቃ ትቆማለች፣ ስንት ሰዓት ትቀመጣለች፣ ስንት ፓውንድ ታነሳለች፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ትቀራለች። ችሎቱ ላይ የሚቀርበው የሥራ ባለሙያ (እንዲህ ያለ ሰው ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የሚመሰክር) የሚጠየቀው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። በሚጠበቅበት ጊዜ ሕክምና ማቋረጥም ጉዳዩን ያዳክማል፤ መዝገቡ ላይ የወራት ክፍተት ከታየ «ተሽሏታል» ያሰኛል።

አድራሻ ከቀየረች ለችሎት ቢሮው በጽሑፍ ታሳውቅ። ደብዳቤው የቀድሞ ቤቷ ሄዶ ከቀረች ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል።

የሺ፦ ስለ ሥራው፦ ከዚያ በላይ ካገኘች መሥራት ትችላለች የሚያሰኘው የገቢ ገደብ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው በወር 1,620 ዶላር ነበር፤ ታክስ ሳይቆረጥ ማለት ነው። በየጊዜው ስለሚቀየር የዓመቱን ይመልከቱ። ከዚያ በታች መሥራት አይከለከልም፤ ዳኛው ግን «ይህን ከሠራች ሌላውስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የጠየቀችው ኤስኤስአይ (ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ክፍያ) ከሆነ ደግሞ ገቢዋ ክፍያውን ይቀንሳል፤ በእጇ ያለው ጥሬ ገንዘብና የባንክ ተቀማጭም ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም።

የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ይመደባል፤ አሁኑኑ ይጠየቅ። ልጅ ወይም ዘመድ ባያስተረጉም ይሻላል፤ አዝኖ መልሱን የሚያሳምር አይጠፋም።

ዳዊት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጠበቃ የላትም፤ አሁን መያዝ ረፍዷል?

አቤል፦ አልረፈደም፤ ግን የችሎቱ ቀን እስኪቆረጥ አትጠብቁ፣ በመጨረሻው ሳምንት የሚቀበል ጥቂት ነው። በተለመደው ውል ክፍያው ስታሸንፍ ብቻ ከኋላ ክፍያዋ 25 ፐርሰንት ነው፤ ጣሪያው ከኖቬምበር 2024 ማብቂያ ጀምሮ 9,200 ዶላር ሆኗል። የሕክምና መዝገብ ማስገልበጫ ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ። ጠበቃው እንደሚወክላት የሚገለጸው በኤስኤስኤ-1696 (SSA-1696) ቅጽ ነው። የችሎቱ ዕለት «ጠበቃ ልያዝ» ብትል ዳኛው ያራዝምላት ይሆናል፤ ያኔ ግን ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ ሊኖርባት ነው።