የዕቅድ ውይይት፦ አዲስ ገቢ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን ስለመቀበል ለኮሌጁ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዲን ቢሮ የምናስገባውን ፕሮፖዛል ሁላችንም እጃችንን ያስገባንበት እንዲሆን እዚሁ እንጻፈው። መነሻው ረቂቅ አጭር ነው፤ አዲሶቹ ሲገቡ የአቀባበል ምሽት ይዘጋጅ፣ ቲሸርት ይታተም፣ ከሲኒየሮች ሁለት ሦስት ሰው ንግግር ያድርግ፣ ቡና ይፈላ። ወጪው ከአባላት መዋጮና ኮሌጁ ከሚረዳን ይሸፈናል። የጎደለውን ጨምሩ፣ የማያስፈልገውን አውጡ።

የ2ኛ ዓመት ተወካይ፦
ዶክ፣ ቡናው ይሁን፣ ደስ ይላል። ንግግሩ ላይ ግን ሐሳብ አለኝ። ከኛ ባች ብዙዎቻችን የእንስሳት ሕክምናን አንደኛ ምርጫ አድርገን አልሞላንም። ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ሶፍትዌር እያልን ሞልተን ነው እዚህ የደረስነው። ቤት ስንደውል "ምን ደረሰሽ?" ይባላል፤ ስንናገር ወዲያ ማዶ ዝም ይላል፤ ከዚያ "የሰው አይደለም እንዴ?" ይመጣል። በዚያ ሳምንት አዳራሽ ተቀምጠን የሙያውን ክብር በማይክ ቢነግሩን አንሰማም። እኔን የቀየረኝ ሌላ ነገር ነው።

አንዲት የ5ኛ ዓመት እህቴ ቅዳሜ ጠዋት "ቦቲ ጫማ አድርጊና ነይ" ብላ ከከተማው ጫፍ ያሉ ሦስት ላም ያላቸው እናት ቤት ወሰደችኝ። አራት ጉድጓድ ያላትን ትንሽ ሰሃን ሰጠችኝ፤ ከእያንዳንዱ ጡት ለየብቻ ጥቂት ጥቂት ወተት አለብኩባት፤ እሷ ወይን ጠጁን የመመርመሪያ ፈሳሽ ጨመረችበትና "አዙሪው" አለችኝ። ሦስቱ እንደ ውኃ ተንቀሳቀሱ። የኋላ ግራው ጡት ወተት ግን ወፍሮ፣ ተያይዞ፣ ሰሃኑ ላይ ተጎተተ። ላሟ ምንም አልመሰለችም፤ ጡቷ አላበጠም፣ ወተቷም ለዓይን ንጹሕ ነበር። ሴትዮዋ ግን "ወተቷ ቀንሶብኛል፣ መኖ እየበላች ነው" ሲሉ ነበር የሰነበቱት። የጡት ሕመሙ ተደብቆ ነበር፤ እኔ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲፓርትመንት ልቀይር ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ገንዘቡን ከምሽቱ ላይ ቀንሰን ለቅዳሜ እናድርገው። እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በገባ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከአንድ ሲኒየር ጋር ሆኖ ሕይወት ያለው እንስሳ ይንካ።

የ5ኛ ዓመት ተወካይ፦
ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ያለነው ለዚህ የሚመች ቦታ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ላይ በእግር ሄዶ የወተት ላም፣ የዶሮ እርባታ፣ የጋሪ ፈረስ የሚያገኝ ተማሪ ሌላ ከተማ ያለ ጓደኛው የሚቀናበት ነው። የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማ ውስጥ ክትባት ያመርታል። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መቆጣጠሪያ ማዕከልም (ፓንቫክ) እዚሁ ነው። አዲስ ተማሪ ይህን ሳያውቅ አንድ ዓመት ሲጨርስ ያሳዝነኛል።

ስለ ሙያው ክብር መናገር ካስፈለገም እዚያ ቆመን እንናገር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ክፉ ቀን ያልነውን ረሃብ ካመጡት ነገሮች ዋነኛው ደስታ የሚባለው በሽታ ያመጣው የከብት እልቂት ነው። በሬ አለቀ፣ የሚያርስ ጠፋ፣ ሰው አለቀ። ያ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ያጠፉትም የእንስሳት ሐኪሞችና ክትባት ተሸክመው በረሃ ለበረሃ የዞሩ የኅብረተሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው፤ የአፋሮቹ ሥራ በተለይ ይነገር። "የሰው አይደለም እንዴ?" ለሚል ቤተሰብ ይህን የሚመልስ ልጅ እንፈልጋለን።

ገንዘብ ያዥ፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፣ ወጪው ግን ይታይ። ቲሸርቱ ከቀረ በእሱ ፈንታ ቦቲ ጫማና ቱታ መግዛት እንችላለን፤ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለማኅበሩ፣ በመዋስ። በየቁጥሩ ሁለት ሁለት ቢኖር ይበቃል። ከቤት ብር ማስላክ የማይችል ተማሪ "ቦቲ የለኝም" ብሎ ዶርም እንዳይቀር። የሚዋሰው ሰው አጥቦና በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ነክሮ እንዲመልስ ግዴታ ይግባ፤ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በሽታ የምናዛውረው እኛው እንዳንሆን። በተለይ ከዶሮ ቤት የወጣ ጫማ በዚያው ቀን ሌላ ዶሮ ቤት አይገባም። ፈንግል አንዴ ከገባ የሰውየው ኑሮ ነው የሚሄደው።

የ6ኛ ዓመት፣ በክሊኒክ ልምምድ ላይ ያለ አባል፦
ከጫማው በፊት አንድ ነገር ይቅደም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ።

ለልምምድ በወጣንበት አንድ ወረዳ አንዲት ላም መጣች። ለሐጯ ይንጠባጠባል፣ መዋጥ አቅቷታል፣ ድምፅዋ ሰልሏል። ባለቤቱ "ድንች ተሰንቅሮባት ነው" አሉ፤ ምልክቱም ይመስላል። አብሮኝ የነበረ ልጅ ጓንት ፈልጎ አጣና በባዶ እጁ ጉሮሮዋን ሊፈትሽ ገባ። ምንም አልተገኘም። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ መጥቶ "ከሳምንታት በፊት ያ የሞተው ውሻ ነክሷት ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ክትባት ፍለጋ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሌላ ከተማ ሲንከራተት ያሳለፋቸውን ቀኖች አይቻለሁ። ዛሬ ደህና ነው፣ ተመስገን። እንቅልፍ ያጣበት ግን ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደኛ ዓይነቱ ተማሪ የሚመክረው ቀላል ነው፤ ሳይነከሱ በፊት በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መከተብ። የተከተበ ሰው ቢነከስም ማጠናከሪያ መውሰዱ አይቀርም፣ ነገር ግን ለማግኘት አስቸጋሪ የሆነውን ኢሚዩኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ በመርፌ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል) አይፈልግም። ኮሌጁ ከጤና ቢሮ ጋር ሆኖ ክትባቱን እንዲያመቻች እንጠይቅ። ለሁሉም ካልተቻለ ወደ ክሊኒክ ከሚወጡት ይጀመር። እስኪገኝ ድረስ አዲሶቹ ተማሪዎች ውሻና ድመት፣ እንዲሁም መዋጥ ያቃተውን የማንኛውንም እንስሳ አፍ አይነኩም፤ ይህ የማይጣስ ደንብ ሆኖ ይጻፍ። የተነከሰ ቢኖር ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ሳሙናውና ውኃው ከመድኃኒት ሳጥኑ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የ3ኛ ዓመት አባል፦
ዶክ ያልከው ላይ አባ ሰንጋን ጨምርበት። በድንገት ሞቶ በአፍ በአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚወጣው ከብት አይከፈትም፤ አዲስ ተማሪ ደግሞ "ልየው፣ ልማርበት" ማለቱ አይቀርም። አየር ሲያገኝ ጀርሙ ዘር ይሠራል፣ መሬቱ ላይ ለብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። ይህን ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ይወቁት።

ሌላ፣ እኔ የምጨነቀው ለአናቶሚ ነው። ከኛ ጋር ጀምረው የጎደሉትን ልጆች ያጣናቸው እዚያ ላይ ነው። የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዶሮ አጥንት በአንድ ሴሚስተር ይመጣል፤ ሀንድአውቱ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ነው፣ ቀዳዳውና ጥላው አይለይም። የአጥንት ሳጥን ይኑረን። የላምን የፊት ቅልጥም በእጁ ይዞ ሁለት አጥንት ተጋጥሞ አንድ እንደሆነ መሐሉ ላይ ባለው ቦይ በጣቱ የዳሰሰ ልጅ፣ የፈረሱ ዋናው ቅልጥም ለምን አንድ አጥንት ብቻ እንደሆነ አይረሳም። ሳጥኑ በየዶርሙ በየሳምንቱ ይዙር፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ጋ። ከቄራ ሥጋ ምርመራ ያለፈ እንስሳ አጥንት ብቻ ይወሰድ፤ እኛ ቀቅለን እናጸዳለን።

የ4ኛ ዓመት ሴት አባል፦
የአጥንት ሳጥኑን ወድጄዋለሁ። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ከተማችን ዙሪያ ወዳሉት የአድአ ወረዳ ቀበሌዎች ስንወጣ ገበሬው የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው። ከጎጃም፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታ የመጣ ልጅ ላሟን እያየ ባለቤቱን መጠየቅ ካልቻለ ግማሹ ምርመራ ቀረ ማለት ነው። "መቼ ጀመራት? ትበላለች? ታመሰኳለች? ወለደች ወይ?" ሳይባል ቴርሞሜትር ብቻውን ምን ይናገራል? ስለዚህ ጥንዶቹን ስንመድብ አንዱ ቋንቋውን የሚችል ይሁን፣ የግድ ሲኒየሩ መሆን የለበትም። አዲሱ ልጅ ቋንቋውን የሚችል ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ሲኒየሩን የሚያግዝ እሱ ይሆናል፤ ይህ ለአዲስ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ለሌሎቻችን የጥያቄዎቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ እናዘጋጅ።

ሁለተኛው ሴቶቹን ይመለከታል። "ላም መያዝ ጉልበት ይጠይቃል፣ አንቺ መዝግቢ" እየተባልን ወረቀት ይዘን የቆምንባቸው ቅዳሜዎች አሉ። በዕቅዱ ውስጥ መያዝ፣ መመርመርና መመዝገብ በተራ ይሁን ተብሎ ይጻፍ። አያያዝ የዘዴ ነገር ነው። ገመዱን የት እንደምታስር፣ አፍንጫዋን እንዴት እንደምትይዝ ያወቀ ሰው ከጉልበተኛው ይበልጣል። መመለሻውም ከ11 ሰዓት በፊት ይሁን፣ መኪናው አንድ ላይ ወስዶ አንድ ላይ ይመልስ።

ገንዘብ ያዥ፦
መኪናው የኮሌጁ ይሁን ብለን እንጠይቅ፤ ነዳጁን እኛ እንችላለን። በየሳምንቱ ግን አይሆንም። በየ15 ቀኑ ብንል?

የ2ኛ ዓመት ተወካይ፦
በየ15 ቀኑ ይበቃል፤ ፈተና ሰሞን ይቅር። በሌለበት ቅዳሜ በእግር የሚደረሱት የከተማው የላም ቤቶች አሉ።

የ5ኛ ዓመት ተወካይ፦
ጊዜው ላይ፦ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ብንጀምር ይሻላል። በጾም ወተት ገዢ ያጣል፣ ባለ ላሞቹም መኖና መድኃኒት ላይ እጃቸው ያጥራል፤ የጡት ምርመራውን ያኔ ብናደርግ ውጤቱን ሰምተው ለማሳከም ይከብዳቸዋል። ለጋሪ ፈረሶቹ ግን ጾም አያግደንም። ልጓም የበላውን አፍና ማሰሪያ የፈገፈገውን ደረት አይቶ ማጠብ፣ ማሰሪያው ሥር ጨርቅ እንዲደረግ ማሳየት አዲስ ተማሪም የሚችለው ነው።

የማኅበሩ አማካሪ መምህር፦
ውይይታችሁን ስከታተል ቆየሁ። በርቱ። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ተማሪ ፈቃድ ያለው ሐኪም በሌለበት መርፌ አይወጋም፣ አንቲባዮቲክ አያዝም፣ አይሰጥም። አዲሶቹ የሚሠሩት መመልከት፣ መያዝ፣ ሙቀትና የልብ ምት መለካት፣ ወተት መመርመር፣ ቁስል ማጠብ፣ መመዝገብ ነው። መድኃኒት የታዘዘላት ላም ወተት ስንት ቀን እንደማይሸጥ ለባለቤቷ በግልጽ ይነገራል፤ ይህን የመንገር ኃላፊነት ለአዲሱ ተማሪ ብትሰጡት ሳይረሳው ያድጋል። በየዙሩ አንድ መምህር እንዲወጣ እኔ ባልደረቦቼን አነጋግራለሁ፤ የመጀመሪያውን ራሴ እወጣለሁ። ደብዳቤው ላይ የወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት በግልባጭ ይግባ፤ ሳያውቁ በቀጠናቸው መሥራት ተገቢ አይደለም።

የ6ኛ ዓመት አባል፦
እናመሰግናለን ዶክተር፤ እርስዎ ከወጡልን ሌላ ስጋት የለኝም። የተገኘውንም በሽታ በቅጹ ሞልተን ለወረዳው እንስጥ፤ የምንመዘግበው ለእነሱም ይጠቅማል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ ረቂቁን ከስሩ ቀይሬዋለሁ። እንዲህ ይነበባል፦

"እኛ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ማኅበር አባላት፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ወራቸው ከሙያው ጋር በተግባር እንዲተዋወቁ በየ15 ቀኑ ቅዳሜ የሚካሄድ የመስክ ቀን እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ከአንድ ነባር ተማሪ ጋር ይጣመራል፤ ከሁለቱ አንዱ አፋን ኦሮሞ የሚችል ይሆናል፤ ሥራው በተራ ይከፋፈላል። ሕክምና የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ሐኪም ብቻ ነው። ማኅበሩ የሚዋሱ ቦቲ ጫማዎች፣ ቱታዎችና የአጥንት ሳጥን ያዘጋጃል፤ ነዳጅ ይሸፍናል። ከኮሌጁ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ወደ ክሊኒክ ለሚወጡ ተማሪዎች የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት እንዲመቻች፤ ሁለተኛ፣ ተሽከርካሪ፤ ሦስተኛ፣ በየዙሩ አንድ መምህር።"

የደኅንነት ደንቦቹ (የአፍ ምርመራ፣ አባ ሰንጋ፣ ጫማ ማጽዳት፣ ንክሻ) በአባሪ ይሄዳሉ። የአቀባበል ምሽቱ ወደ ቡና ተቀይሯል፤ ከመጀመሪያው መስክ መልስ፣ ጊቢ ውስጥ።

የ4ኛ ዓመት ሴት አባል፦
ክትባቱን "ወደ ክሊኒክ ለሚወጡ" ብቻ ካልን የመስክ ቀኑ አዲሶቹን አይሸፍንም። "ቅድሚያ ወደ ክሊኒክ ለሚወጡ፣ ቀጥሎም በመስክ ቀን ለሚሳተፉ ሁሉ" በለው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ትክክል ነሽ፣ አስተካክያለሁ። የሥራ ክፍፍል፦ የጥያቄዎቹን ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አንቺ ከ3ኛ ዓመቱ ልጅ ጋር፤ የጫማና የቱታ ዋጋ ገንዘብ ያዥ፤ የደንቡን አባሪ የ6ኛ ዓመቱ ዶክ፤ ቄራውን የሚያነጋግር ደግሞ እስካሁን አልተገኘም፣ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ።

የ2ኛ ዓመት ተወካይ፦
ቄራውን እኔ እይዛለሁ። የባቼን ፊርማ ሐሙስ ከላብ በኋላ እሰበስባለሁ፤ የሌላችሁንም ባች ወረቀት እስከ ዓርብ አድርሱልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ከጸሐፊው ጋር ሆነን እናስገባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተስማምተናል። ሰኞ 3 ሰዓት ዲን ቢሮ በር ላይ እንገናኝ።