ለቅድመ አያቴ ታሪክ 40 ሺህ ብር ተጠየቅሁ

የአዘዞ ልጅ (ዴንቨር)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ሰሞኑን አጎቴ ከጎንደር ደወለልኝ። የዘመዶቻችን ኮሚቴ የትውልድ ሐረግ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው አለኝ። ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ እኛ ልጆች ድረስ። ደግ ነገር ነው ብዬ ሳልጨርስ ሒሳቡ መጣ። ውጭ ያለ ሰው በቤተሰብ 40 ሺህ ብር። ያልከፈለ ቤት በአንድ መስመር ይታለፋል። የከፈለ ሙሉ ገጽ ከነፎቶው ያገኛል።

አጎቴ ለቅድመ አያቴ ያሰበላቸው ጽሑፍ «በቁልቋል በር ጦርነት የተፋለሙ ስመ ጥር አርበኛ» የሚል ነው፤ የጣሊያን ጊዜውን ማለቱ ነው። እኔ እስከማውቀው እኚህ ሰው ከደንቢያ መጥተው ቀሃ ሰፈር ቤት የሠሩ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። ስለ ጠመንጃቸው ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። «ወረቀት ነገር አለ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ እያለሁልህ ወረቀት ምን ያደርግልሃል!» ብሎ ተቆጣ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የእንዲህ ያለ ሰው ታሪክ በመዝገብ የሚገኝበት መንገድ አለ? ደግሞስ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? እናቴን እየተመላለሰ የሚጠይቃት፣ ሲያማትም ሐኪም ቤት የሚወስዳት እሱ ነው። ማስቀየም አልፈልግም።

መምህሩ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምትፈልገው በየትኛው ስም እንደሆነ እወቅ። ቤተ ክርስቲያን ሰውን በዓለም ስሙ አትጠራውም። ሲጠመቅም፣ ሲቆርብም፣ ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለትም የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። የቤት ስማቸውን ይዘህ ደብር ብትሄድ የሚያውቅልህ የለም። «ወልደ እገሌ» ካልክ ግን መነሻ አለህ። ይህን የሚያውቁት የነፍስ አባታቸው ነበሩ። እሳቸው ካለፉ በእግራቸው የተተኩትን ጠይቅ። እነሱም ካላወቁ ተዝካሩን የበሉ ሽማግሌዎችን። ለዚህ ሁሉ ግን የተቀበሩበትን ደብር ማወቅ አለብህ።

ወደ ኋላ በሄድክ ቁጥር ጎንደር ላይ እሳት ይገጥምሃል። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘረፉና አቃጠሉ። የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ። መቅደላ በ1860 ስትወድቅ እንግሊዞች ከ300 በላይ ብራና ለንደን አስገቡ። በ1880 ደግሞ የሱዳን ድርቡሽ መጣ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ እንጂ ብዙው ደብር ጋየ። በላዩ ላይ ክፉ ቀን ተከተለ። ከብቱ አለቀ፣ ሰው በረሃብ ተበተነ። እንግዲህ አስበው፣ መዝገቡም አንባቢውም አብረው ነው የጠፉት። የአንተ ቅድመ አያት የጣሊያን ዘመን ሰው ስለሆኑ ይህ ብዙም አይነካህም። የእሳቸው አያት ላይ ስትደርስ ነው ጉዱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የጎንደር የመሬት ሽያጭና ስጦታ ይጻፍ የነበረው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነው። ወንጌሉን ስትገልጥ ዳር ላይ በደቃቅ ፊደል ገዢው፣ ሻጩ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ዳኛውና እማኞቹ በስም በስማቸው ተደርድረው ታገኛለህ። ትልልቆቹ ብቻ አይደሉም። ደብተራ አለ፣ መሬት የምትሸጥና የምትገዛ ሴት አለች። ለንደን ካሉት ብዙዎቹ በዲጂታል ተነስተዋል። እዚህ እኛ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትም ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ አለው። ሁሉም ደብር ግን አልተነሳም።

የርስት ክርክር ፋይልም አትርሳ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በበጌምድር ርስት የሚጠይቅ ሰው በእናቱም በአባቱም በኩል ቆጥሮ ዋናው አባት ላይ መድረስ ነበረበት። አያት ቅድመ አያት በቃል ሳይሆን በችሎት ተመዝግቦ የሚገኘው እዚያ ነው። ብቻ ተጠንቀቅ። ተከራካሪ የሚቆጥረው መሬት የሚያስገኝለትን አያት ነው። ያልጠቀመው ይዘለላል።

የፒያሳዋ (ቶሮንቶ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ልጁ ግን የጠየቀው ልክፈል ወይ ነው፤ እርስዎ ወቄት ወርቅ ድረስ ይዘውት ሄዱ።

እኔ የገንዘቡን ልናገር። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ የኔን ደመወዝ በእጥፍ ነው የሚያስበው። «አሁንማ ምን አለሽ፣ ትንሽ ዶላር እኮ ነው» ይሉኛል። የቤት ኪራዬን ማን ይጠይቀኛል? የሰርግ ላክን። የደብሩን ቆርቆሮ ላክን። የሕክምና ላክን። ሕያዋኑ አልበቁ ብለው አሁን ሙታኑም ሐዋላ መጠየቅ ጀመሩ!

ደረሰኝ አለው ወይ በለው። ኮሚቴ ከሆነ የባንክ ሒሳብ ይኖረዋል። በአንድ ሰው ስም ላክ ካለህ መልሱን አግኝተሃል። ሌላው፣ ቀበሌ ሄዶ ይፈልግልህ የሚል ሰው ቢመጣ እንዳትሰማው። ቀበሌ ራሱ ደርግ ያመጣው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። የቅድመ አያትህን የልደት ካርድ ከየት ያመጣዋል?

እማማ የቁስቋሟ (ሜሪላንድ)

ልጄ፣ ፎቶ አለ ወይ? ፎቶ ካለ ጀርባውን አሳይ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖረዋል። አንዳንዴ ቀንም ተጽፎ ይገኛል።

እኛ ቤት ብዙ ነበረ። አያቴ በካባቸው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው የተነሱት ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀለው። በ1969 እና በ70 ሰው ሁሉ በየቤቱ ወረቀት ያቃጥል ነበር። የንጉሥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የማዕረግ ወረቀት፣ የተማሪዎች መጽሐፍ፣ ምኑ ቅጡ። ፍተሻ ይመጣል ሲባል አባቴ ሌሊት ምድጃ ለኮሰ። አንዱን ግን እናቴ ለመነችው። እኔ ሕፃን ሆኜ ከአያቴ ጋር ጥምቀት ላይ የተነሳሁትን። በምላጭ ከመሃል ቆርጦ የእሳቸውን በኩል እሳት ውስጥ ጣለው። የኔን ግማሽ እዚህ ይዤዋለሁ። ነጭ ቀሚስ ለብሼ ቆሜአለሁ፤ ትከሻዬ ላይ አራት ጣት አለ። ባለቤቱ የለም።

የመንግሥት መዝገብ ጠፋ ትላላችሁ፣ እኛው ያቃጠልነውስ? እኔ አልፈርድም። ጎረቤት የሆነውን አይተናል።

አይ ጎንደር። የጥምቀት ማግስት የፋሲል መዋኛ ዳር ያለው አቧራ እንኳ ይናፍቀኛል። እዚህ በየዓመቱ በብርድ አዳራሽ ውስጥ እናከብራለን፤ ምን ዋጋ አለው።

የአዘዞ ልጅ (ዴንቨር)

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልን። መምህር፣ ባሉት መሠረት እናቴን ጠየቅኋት። የክርስትና ስማቸው ወልደ ጊዮርጊስ ነው አለች። የተቀበሩት ግን ቀሃ ኢየሱስ ይሁን ደንቢያ አጎቴ ያውቃል ብላ ወደ እሱ መለሰችኝ።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ስልኩን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። በጣሊያን ጊዜ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ሊማሊሞ መንገድ ሥራ ላይ ገብተው ነበር። መጀመሪያ ድንጋይና ውሃ ሲያጓጉዙ ቆዩ። በኋላ ካቦ፣ የሠራተኛ አለቃ፣ ሆኑ። ቀሃ ያለው ቤት የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። አጎቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ለልጅ አይነገርም» ብሏት ነው የኖረችው። ጣሊያን ዘንድ ስማቸው ይኖር ይሆን?

ሮማዊው ሐበሻ (ሮም)

እኔ እዚህ አሮጊት እየጠበቅሁ ነው የምኖረው፤ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። የሰማሁትን ልንገርህ። የመንግሥቱ ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ኤውር ሰፈር ነው። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ወረቀት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘንድ ነው ያለው። የጦሩ ደግሞ ለብቻው የታሪክ ክፍል አለው። እዚያ በብዛት የሚገኘው የሹማምንትና የወታደር ጉዳይ ነው። የመንገድ ሠራተኛ ስም አገኛለሁ ብለህ ብዙ አትጠብቅ። ከፈለግህ ደግሞ አጻጻፋቸውን እወቅ። «ወ»ን በ«ኡ» ነው የሚጽፉት። ወልደ ጊዮርጊስን በኡ ካልፈለግኸው ሺህ ገጽ ብትገልጥ አታገኘውም።

የአርማጭሆ ነፍጥ (ዳላስ)

ቆይ ቆይ። ካቦ ነው ያልከው? የጣሊያን ካቦ? እና ኮሚቴው «ስመ ጥር አርበኛ» ብሎ ሊያትም ነው? የኔ አያት አምስቱን ዓመት ከአርበኛው አሞራው ውብነህ ሰዎች ጋር ቆላ ለቆላ ሲንከራተት፣ ቆሎ ቆርጥሞ ሲዋጋ፣ ያንተ ቅድመ አያት የጠላት መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ያስጠርግ ነበር። ባንዳ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሳንቲም እንዳትልክ። ለመጽሐፉ ሳይሆን ለእውነቱ ስትል።

የፒያሳዋ (ቶሮንቶ)

ወንድም ነፍጥ፣ ረጋ በል። የቀን ሥራ ሠርቶ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ባንዳ ከተባለ ጎንደር ከተማ ማን ይተርፋል? ፒያሳን ማን ገነባው? ድንጋዩን የተሸከመው የኛው ሰው ነው። እስካሁን በሊማሊሞ ነው ከደባርቅ ወርደህ ሽሬ የምትሄደው። መንገዱን እየሄድክበት ሠራተኛውን ትሰድባለህ። ደግሞ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አርበኛ ያልነበረ ሰው አለ እንዴ? ሁሉም ጫካ ከነበረ ከተማ ውስጥ ግብር የከፈለው ማን ነው?

መምህሩ (ሚኒያፖሊስ)

ሁለታችሁም ቸኩላችኋል። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው። ቁልቋል በር ከጣሊያን እጅ የተወሰደው ኅዳር 12 ቀን 1934፣ ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18። በእነዚህ ዓመታት አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አልኖረም። በ1929 ካቦ የነበረ በ1932 ጫካ ሊገባ ይችላል። ከጣሊያን የወሰደውን ጠመንጃ ይዞ የከዳም ብዙ ነው። ውስጥ አርበኛም ነበረ፤ ከጠላት ጋር እየሠራ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ለጫካው የሚያቀብል። በቅሎ ያለው ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው።

ስለዚህ አጎትህን አንድ ነገር ጠይቀው። የአርበኝነት ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ነበራቸው ወይ? ከድል በኋላ ለአርበኞች ተሰጥቷል። አዲስ አበባ ያለው የአርበኞች ማኅበር ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። ወመዘክር በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም የዘመኑ የመንግሥት ደብዳቤዎች አሉ። የለም ካለህ ደግሞ ስለሌለ ባንዳ ናቸው ማለት አይደለም።

የአርማጭሆ ነፍጥ (ዳላስ)

ውስጥ አርበኛ! ስንቱ ባንዳ ነው በዚህች ስም የዳነው! መምህር፣ በእርስዎ ሒሳብ እማኝ የሌለው ሁሉ ውስጥ አርበኛ ነው። የኔ አያት ቁስሉን ገልጦ ያሳይ ነበር።

እማማ የቁስቋሟ (ሜሪላንድ)

ልጆቼ፣ ሙት አትውቀሱ። አንተም የዳላሱ፣ አያትህን ነፍሳቸውን ይማር። ግን ቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለው ያ ትልቁ ዋርካ አሁንም አለ ወይ? ሰሞኑን ስልክ የሚያነሳልኝ ሰው አጣሁ። መንገዱም እንዲህ ሆኖ ማን ሄዶ ያይልኛል።

የፒያሳዋ (ቶሮንቶ)

እማማ፣ እህቴ እዚያው ነች፤ ነገ ጠይቄ እነግርዎታለሁ። የአዘዞ ልጅ፣ ደረሰኙስ ምን ሆነ?

የአዘዞ ልጅ (ዴንቨር)

ሜዳይ የሚባል ነገር አላየሁም ብሏል። ደረሰኝ አለ፣ የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ግማሹን ልክፈል ብለው «ግማሽ አባት የለም» አለኝ።

ከዚያ ግን ረቂቁን በቴሌግራም ላከልኝ። የቅድመ አያቴ ገጽ ባዶ ነው። ከላይ ስማቸው አለ፤ ሥሩ «ታሪካቸው በልጆቻቸው ይሞላል» ይላል። አርበኛ የሚለውን ኮሚቴው አልጻፈውም። አጎቴ ነው ያሰበው። አጻጻፉ በኔ እንዲሆንለት ነው የፈለገው፤ ውጭ ያለ ሰው የጻፈው ይታመናል ብሎ።

የአርማጭሆ ነፍጥ (ዳላስ)

ካቦ ብለህ ጻፋ!

የፒያሳዋ (ቶሮንቶ)

የበቅሎ ነጋዴ ይበልና ይብቃ። እናትህ እዚያ ሰፈር ነው የምትኖረው።

የአዘዞ ልጅ (ዴንቨር)

የክርስትና ስማቸውን፣ ደንቢያ ተወልደው ቀሃ ቤት መሥራታቸውን፣ ሊማሊሞ መንገድ ላይ መሥራታቸውን ብቻ ብጽፍስ? ምንም ሳልሰይማቸው። አጎቴ ይቀየማል፣ አውቃለሁ።

መምህሩ (ሚኒያፖሊስ)

ጥሩ ነው። ሳትልከው በፊት ግን የተቀበሩበትን ደብር አጣራና ጨምርበት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ልጅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ገንዘቡን በተመለከተ እኔ የማውቀው ነገር የለም።