ተማሪዎችን ይዞ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን መጎብኘት ያዋጣል?

መምህር ከደምበጫ
ጤና ይስጥልን። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ተማሪዎች ለጉብኝት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እንዲያዩ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን «ዛፍ ለማየት ዓባይን መሻገር ምን አመጣው? ደብሩን መዞር አይበቃም ወይ?» እያሉ ቀኑ በሙሉ ለሙዚየም እንዲውል ይፈልጋሉ። የጎበኛችሁት ካላችሁ ለተማሪ ምን እንደሚጠቅምና በየትኛው ወቅት መሄድ እንደሚሻል ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የዳንግላው
መምህር፣ ከሁሉ አስቀድመው ተማሪዎቹ የአበባ መናፈሻ እንዳይጠብቁ ይንገሯቸው። ማዕከሉ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ በእንጦጦ ተራሮች በኩል የሚገኝና ከ700 ሔክታር በላይ ስፋት ያለው ቦታ በመሆኑ አብዛኛው ክፍሉ ደን ነው። ደኑም በአመዛኙ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ የነበረ ሲሆን፣ እሱን ቀስ በቀስ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች መተካት ከማዕከሉ ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። እኔን የሳበኝ ይኸው ነው። በእኛ በአዊ ገበሬው የእህል ማሳውን ሳይቀር ዲከረንስ በሚባል ለከሰል በሚሆን የውጭ ዛፍ እየሸፈነ ባለበት ጊዜ፣ እዚያ ደግሞ የውጭ ዛፍ እየተነሣ የአገሩ ሲተከል ያየ ተማሪ ከአባቱ ጋር የሚከራከርበት ጉዳይ ይዞ ይመለሳል። አባትዮውም ቢሆን የሚመልሰው አያጣም፤ ከሰሉ ቤት ሠርቶለታል።

የሞጣ ልጅ
የባልደረቦችዎ ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ያለው ነው፤ ወይራውም፣ ዋንዛውም፣ ጥቁር እንጨቱም እዚያ አለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የዕፅዋት ማዕከል ተክሉ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደተሰበሰበና መቼ እንደተተከለ መዝግቦ ይይዛል፤ በደብሩ ደን ግን ልጁ የአንድን ሐረግ ስም ቢጠይቅ የሚነግረው ሽማግሌ ካላገኘ ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ደብር የሚያዩትን ዛፍ ሁሉ በአገሩ ስም ይመዝግቡ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ይዘው ጉለሌ ሲደርሱ ከሳይንሳዊ ስሙ ጋር ያስተያዩት።

ዕፅዋት አጥኚ፣ ባሕር ዳር
የሞጣው ወንድማችን ባሉት ላይ ሁለት ዛፎች ልጨምር። አንደኛው ብርብራ ነው። በጣና ዙሪያ ፍሬውን ወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ እንደሚጠቀሙበት ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በተፈጥሮ እንደማይበቅል ግን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ኮሶ ነው። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ የሴቴው የአበባ ዘለላ ወደ ቀይ ያደላል፣ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውም እሱ ነው፣ የወንዴው ግን ፈዘዝ ያለ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ከማስረዳት ይልቅ ሁለቱን ዘለላዎች ጎን ለጎን ማሳየት ይበልጣል፤ አበባው የሚታየውም በበጋው ወራት ነው።

ክረምቱን ይተዉት፤ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አደይ አበባም ስለሚኖር ጥሩ ነው፣ ኮሶውን ከፈለጉ ግን ወደ ኅዳር ገፋ ያድርጉት። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ልጆቹ ሹራብ ይያዙ። ለዝግጅት ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ሥራው ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀውን፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን የያዘውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢያዩት መልካም ነው።

መምህር ከደምበጫ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ለኅዳር እንዲሆን ለርእሰ መምህሩ አቀርባለሁ። የሚያስጎበኝ ባለሙያ እንዲመደብልን በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ አስቀድሞ መላክ ያስፈልግ ይሆን?

የዳንግላው
ይላኩ እንጂ፣ መምህር። የተማሪውን ብዛትና የክፍል ደረጃውን ይጥቀሱበት፤ የመድኃኒት ዕፅዋቱን ክፍል በተለይ ማየት እንደምትፈልጉም ይጻፉ።