በሲዳማ ቤት ለቤት የጤና ምርመራ ዳሰሳ ልንጀምር ነው፤ 422 ሰው ይበቃናል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር በሲዳማ ክልል የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማነስ ዳሰሳ እያቀድን ነው። ጠይቀን ብቻ አንመለስም፤ ግፊት፣ ክብደት፣ ቁመትና ወገብ እንለካለን፣ ከጣት ደም እንወስዳለን። በ2007 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተሠራው የስቴፕስ ዳሰሳ (የዓለም ጤና ድርጅት የማይተላለፉ በሽታዎችን መንስኤዎች የሚለካበት ዘዴ) ሲዳማን ለብቻዋ አያሳይም። ያኔ በደቡብ ክልል ሥር ነበረች፤ ክልል የሆነችው በ2012 ነው።

ፕሮፖዛላችን ላይ ናሙናው 422 ነው፤ ከተለመደው የናሙና ቀመር በሚወጣው 384 ላይ ለማይገኙ ሰዎች 10 በመቶ ጨምረን። መምህሬ ግን «አይበቃም» አሉኝ። ለምን? ከመስክ በፊት ማወቅ ያለብን ሌላ ነገር ካለም ንገሩን።

መልስ፣ ከስታቲስቲክስ አስተማሪ

እህቴ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው። 384 የሚሠራው ሰዎቹ ከመላው ክልል አንድ በአንድ በዕጣ ሲወጡ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ሰው ትመርጣላችሁ። የአንድ መንደር ሰው አንድ ገበያ ይወጣል፣ ተመሳሳይ ይበላል። ስለዚህ ከአንድ መንደር 20 ሰው ብትለኩ የ20 ሰው ያህል አዲስ መረጃ አታገኙም። ለዚህ ማካካሻ 384ን በ1.5 አባዢው፤ 576 ይሆናል። ወንድና ሴትን፣ ከ18–44 እና ከ45–69 ዓመት ለየብቻ ማሳየት ከፈለጋችሁ አራት ቡድን ነውና በአራት አባዢው፤ 2,304። ከአምስት አንዱ እንደማይገኝ ካሰብሽ 2,880።

ገንዘቡ ካልደረሰ የፆታና የዕድሜ ክፍፍሉን ተዉት። አንድ የሚታመን የክልል ቁጥር ከአራት የማይታመን ይሻላል።

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በተመረጠው መንደር ቤቶቹን እንደ አዲስ መዝግቡ። ከቤቱ የሚለካው ዕጣ የወጣለት ሰው እንጂ ቤት የተገኘው አይደለም። አለዚያ እርሻና ገበያ የሄዱት ሁሉ ይቀራሉ። ካጣችሁት ሦስቴ ተመለሱ።

መልስ፣ ከአንዲት ነርስ

በሌላ አካባቢ እንዲህ ባለ ሥራ ቡድን መርቻለሁ። ያላሰብነው ነገር ቡና ነበር። እንግዳ ሲገባ ቡና ይፈላል፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው። ግን ቡና ጠጥቶ፣ ጫት ቅሞ ወይም አጭሶ የሚለካ ግፊት ይዛባል፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማለፍ አለበት። እኛ «መጀመሪያ እንለካ፣ ቡናውን ከዚያ አብረን እንጠጣለን» እንል ነበር። ማንም አልተቀየመንም።

ሰውየው 15 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። እግሩን አያነባብር። በ3 ደቂቃ ልዩነት ሦስቴ ለኩ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አማካይ ውሰዱ። ለወፍራም ክንድ ሰፋ ያለ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን) ያዙ። ጋቢና ጫማ ሳይወልቅ ሚዛን ላይ አይወጣም። የሴቶችን ወገብ ሴት ትለካ።

መልስ፣ ከላብራቶሪ ባለሙያ

የስኳሩ ደም በባዶ ሆድ፣ በጠዋት ነው። ስለዚህ በማግስቱ ቤቱ ድረስ መመለስ አለ፤ በጀቱ ላይ አስቡት። የደም ማነሱ ላይ ደግሞ ከፍታን አትርሱ። ከሲዳማ ወረዳዎች ሁላ ደጋ ነው፣ ሎካ አባያ ቆላ። ደጋ ላይ ሂሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚታወቅበት የደም ልኬት) ከፍ ይላል፤ ሳታስተካክሉ ብታነጻጽሩ ደም ማነስ ያለበት የደጋ ሰው ጤነኛ መስሎ ያልፋችኋል። የየመንደሩን ከፍታ በጂፒኤስ መዝግቡ። የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ሙቀት ያበላሸዋል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! 422ን ሰርዘነዋል። ኅዳር ላይ መውጣት አስበን ነበር። ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው ብናገኝስ?

መልስ፣ ከይርጋለም ከተማ

ኅዳር የቡና ለቀማ ነው፤ ቤት ማን ታገኛላችሁ? ከለቀማው በኋላ ይሁን። መጠይቁንም ወደ ሲዳምኛ አስተርጉሙ፣ ከዚያ ዋናውን ያላየ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ይተርጉመው። ሁለቱ ካልገጠሙ ጥያቄው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ግፊቱን በተመለከተ፣ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ በወረቀት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። 180/110 የደረሰ በዚያው ቀን። ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳለው ቀድማችሁ አረጋግጡ። እናቴን አንድ ጊዜ ለክተው «ከፍተኛ ነው» ብለዋት ሄዱ። የት እንደምትሄድ የነገራት የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሳች ስትጸልይ ነበር። እኛ ልጆቿም የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂዋ

አይዞህ ወንድሜ። የመላኪያ ወረቀቱን ነገ ከመጠይቁ በፊት እንጽፈዋለን፣ በሲዳምኛ።