ኬራቲን የኤሊን ልብስ «ያጠነክራል» ወይስ «ያደነድናል»?

ፊደላዊት፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አራት ኪሎ አካባቢ ላለች አንዲት ትምህርት ቤት ስለ ገበሎ አስተኔ የልጆች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እኔ የጻፍኩት «ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን የእባብን ቆዳና የኤሊን ልብስ ያጠነክራል» የሚል ነበር። አርታዒዋ «ያደነድናል» ብላ አረመችው። ጆሮዬን ጎረበጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። የቱን ልጠቀም?

የዋሸራው፦
እሷም አላወቀችው፣ አንቺም አላወቅሽው። የፈርዖን ልብ በመጽሐፉ «ጸና» ተብሏል። ዘጸአት 7፥3ን ገልጠሽ እዪ፤ «አጸናለሁ» ነው የሚለው። ግእዙም ጸንዐ ከሚለው ግሥ ነው። እንግዲህ «ቆዳውን ያጸናል» ብለሽ ጻፊ።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
«ኬራቲን የኤሊን ልብስ ያጸናል።» አሜን ያጽናልን! ልጆቹ እኮ ተነሥተው ነው የሚያነቡት።

የዋሸራው፦
ሳቅህን ቀጥል። እኔ ቅኔ ቤት ቁራሽ ለምኜ ተምሬአለሁ፤ አንተ ስልክህ ላይ ነው የተማርከው።

ነቃሽ፦
አንድ ጊዜ ፍቀዱልኝ። የ«ደነደነ» ፍሬ ነገሩ ውፍረት ነው። ደንዳኔን ተመልከቱ፤ ትልቁን አንጀት ደንዳኔ ያሰኘው ውፍረቱ እንጂ ጥንካሬው አይመስለኝም። የደነደነ አንገት፣ የደነደነ ክንድ እንላለን። የደነደነ ምላጭ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም፤ ምላጭ ጠንካራ ቢሆንም ስስ ነዋ። በዚህ ሚዛን ወፍራሙ ይደነድናል፣ ስሱ ይጠነክራል። የእባብ ቅርፊት የትኛው ነው? ባዮሎጂ የሚያውቅ ካለ ይናገር።

መምህርት ባዮ፦
አለሁ። ስስ ነው፤ ጥንካሬውም ከውፍረት አይመጣም። በገበሎ አስተኔ ቆዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን አለ። አልፋ ኬራቲን ጥምዝምዝ ነው። የእኛም ፀጉርና ጥፍር ከእሱ ነው፤ ይለጠጣል። ቤታ የሚባለው ደግሞ እንደ ቀሚስ ሽንሽን እየታጠፈ የተደረደረ ነው። እሱ ያለው በገበሎ አስተኔና በወፎች ብቻ ነው። ግትሩ እሱ ነው።

በእባብ ቅርፊት ላይ ቤታው ከላይ፣ አልፋው ከሥር ነው። በቅርፊትና በቅርፊት መሀል ያለው መታጠፊያ ግን በአብዛኛው አልፋ ነው። ባይሆን ኖሮ እባብ እንዴት ይጠመጠም ነበር? ሕዋሱ በነዚህ ፕሮቲኖች ይሞላና ይሞታል፤ ጠፍጥፎ ይነጠፋል። ሲስቴይን የሚባለው አሚኖ አሲድ ውስጥ ያለው ድኝ ደግሞ ክሮቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተን የዚሁ የድኝ ነገር ነው።

ኤሊ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። የልብሷ ዋናው ክፍል አጥንት ነው፤ የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ሰፍተው የተጋጠሙበት። ኬራቲኑ ያለው ከላይ በሸፈኑት ገበታዎች ላይ ነው። እንደ ናይል ወንዙ ኤሊ ለስላሳ ልብስ ያለው የውሃ ኤሊ እነዚያ ገበታዎች እንኳ የሉትም፤ ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግሡ በፊት ዐረፍተ ነገሩን አስተካክሉት።

ነቃሽ፦
ስስ ካሉን ተፈታ። ለእባብ «ይጠነክራል»።

የዋሸራው፦
ማን ፈታው? «ልበ ደንዳና» ስንል የልቡን ውፍረት በሜትር ለክተን ነው? የማይሰማ፣ የማይነካው ማለታችን ነው። የደነደነ ማለት ስሜት ያጣ ነው። የሞተ ሕዋስ አላለችም እንዴ? ደነደነ ማለት ይኸው።

መምህርት ባዮ፦
እንዲያ ከሆነማ የኔታ፣ ኤሊ ጨርሶ አልደነደነችም። ከገበታው ሥር ያለው አጥንት ሕያው ነው፤ ነርቭም አለው። ጀርባዋን ቢነኳት ታውቃለች።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
አያቴ ኤሊን «ድንጋይ ልብሱ» ነበር የምትላት። ለካ ድንጋዩም ይሰማዋል። ለመሆኑ «ኬራቲን» ራሱ የማን ቃል ነው?

መምህርት ባዮ፦
ኬራስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ቀንድ ማለት ነው።

የዋሸራው፦
ኬራስ! ይኸው ቀርን! ከእኛው ግእዝ ሄዶ ነው ቆቡን ቀይሮ የተመለሰው። ሉቃስ 1፥69 ላይ «የመዳን ቀንድ» የሚለው በግእዙ ቀርን ነው።

ነቃሽ፦
ቀስ ይበሉ የኔታ። በዕብራይስጡም ቄሬን ነው፣ በላቲኑም ኮርኑ ነው። መመሳሰሉን ሁሉም ያውቃል፤ ማን ከማን ወሰደ በሚለው ግን የቋንቋ ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙም። ይልቅ ደስ የሚለው ሌላ ነው። ሙሴ ከሲና ሲወርድ ፊቱ አበራ የሚለው የዕብራይስጥ ግሥ ከዚያው ከቀንድ ሥር ነው። ሄሮኒሞስ ወደ ላቲን ሲመልሰው ቀንድ አወጣ አለው። ማይክል አንጄሎም ሙሴን ከነቀንዱ ቀረጸው። የእኛ ብሉይ የተተረጎመው ከግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ስለሆነ ከዚህ ድኗል።

የዋሸራው፦
ይኸን ጥሩ አልክ።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
ጠጅ የሚጠጣበት የቀንድ ዋንጫም ኬራቲን ነው ማለት ነው?

መምህርት ባዮ፦
አዎ፣ አልፋ። ከብት ቤታ የለውም። አልፋና ቤታ የሚሉትን ስሞች ያወጣው አስትበሪ የተባለ ሳይንቲስት ነው፣ በ1930ዎቹ። ፀጉርን በኤክስሬይ ሲያይ፣ ሳይለጠጥና ተለጥጦ የሚሰጠው ምስል ተለያየበት። አንዱን አልፋ፣ ሌላውን ቤታ አለ። በ1951 ደግሞ ፖሊንግና ኮሪ የተባሉ ሳይንቲስቶች ጥምዝምዙንና ሽንሽኑን በቅርጽ አስረዱ። ግን አስተውሉ፤ የገበሎ አስተኔው ቤታ ከአልፋው ጋር በዘር አይገናኝም። የጂኑ ቤተሰብ ሌላ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች «ቤታ ኬራቲን» ማለቱን እየተዉት ያሉት።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
ሞክሼ ናቸው በይና! ወንድማማች የመሰሉ ሞክሼዎች።

ፊደላዊት፦
እባካችሁ፣ ማተሚያ ቤቱ እየደወለ ነው። ይጠነክራል? ይደነድናል? ይጸናል?

ነቃሽ፦
እህቴ፣ «ቅርፊት» የሚለውን ቃል ተጠቅመሻል ወይ? ሐዋርያት ሥራ 9፥18 ላይ ከጳውሎስ ዓይን የወደቀው እንደ ቅርፊት ያለ ነገር ነው። ዘሌዋውያን 11 ላይ የሚበላው ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው። የዛፍም ልጥ ቅርፊት ነው። አንድ ቃል ለሦስቱም፤ የኤሊው ገበታ ግን በዚህ አይጠራም። ለምን?

የዋሸራው፦
ቀረፈ ማለት ላጠ ነውና። የኤሊው መች ይላጣል? ቀረፋም ከዚሁ ነው፤ የተቀረፈ የዛፍ ልጥ።

መምህርት ባዮ፦
አንዳንድ የውሃ ኤሊዎች እኮ ገበታቸውን እየላጡ ይጥላሉ።

ነቃሽ፦
ቀረፋ ከዓረብኛው ቂርፋ ነው የመጣው።

የዋሸራው፦
ዓረቡስ ከየት አመጣው?

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦
ተጀመረ። ሻይ ልዘዝ?