ሴቭ እያደረጉ መጨረስ "ጨረስኩ" ያስብላል?

አድሚን፦
ነገሩ ከውስጥ መስመር ይውጣና እዚሁ ይለይለት። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ከወር በፊት ስድስት ሆነን ተወራረድን። ግራዲየስ የሚባለውን የጠፈር መርከብ ተኩስ ጌም፣ የድሮውን የፋሚኮም (የኒንቴንዶ የቤት ማሽን) ቅጂ፣ በወር ውስጥ የጨረሰ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ የቆሮሶ አሳ ጥብስ ይጋበዛል። ያልጨረሰ ይከፍላል። እሑድ ማታ ባንከሩ የመጨረሻውን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ላከ። አጨበጨብንለት። ሰኞ ጠዋት ግን ራሱ አምልጦት ሴቭ እያደረገ፣ በሞተ ቁጥር ሴቭ ካደረገበት እየቀጠለ እንደተጫወተ ነገረን። እና አሳው ይበላል ወይስ አይበላም? ስድብ የለም። ስቲከርም ይብቃ።

ካሴት ዘመን፦
አይበላም። ምኑ ያከራክራል? እኛ በቲቪ ጌም ስንጫወት ሴቭ የሚባል ነገር የለም። ካሴቷን እፍ ብለህ ትሰካለህ፣ የተሰጠህን ላይፍ ትጨርሳለህ፣ በቃ። አንድ ቴሌቪዥን፣ ስምንት ልጅ። ስትሞት ጆይስቲኩን ታቀብላለህ። ተራህ እስኪደርስ ሌላው የት እንደሚሞት ቁጭ ብለህ ታያለህ። ይሄ ልጅ ያደረገው ኩረጃ ነው።

ባንከሩ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልናገር። ኩረጃ የሌላ ሰው መልስ መገልበጥ ነው። እኔ ከማን ገለበጥኩ? ሰባቱንም ስቴጅ በራሴ ጣት ነው የተኮስኩት። ደግሞ እርስዎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሙሉ ቀን ነበረዎት። እኔ ቤት የምገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው። እራት በልቼ ስቀመጥ መብራት ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ስድስተኛው ስቴጅ ላይ ደርሼ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። ማንም አልገደለኝም እኮ! መብራት ነው የገደለኝ።

ጠጋኙ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ባንከሩ የሚጫወተው ቲቪ ላይ በምትሰካዋ ጌም ስቲክ ነው። በአዲሱ ፍላት ቲቪ ላይ ቁልፍ ስትጫን መርከቧ ትንሽ ዘግይታ ነው የምትንቀሳቀሰው። በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ግን ወዲያው ነበር። ስለዚህ ከጋሼ ዘመን ጋር አታወዳድሩት። ቲቪያችሁ "ጌም ሞድ" ካለው አብሩት፣ ይሻላል።

የልጅ እናት፦
ይቅርታ፣ እኔ የገባሁት ለልጄ ነው። አጠገቤ ሆኖ ሲያነብ "እማ፣ ሴቭ ማድረግ ኩረጃ ነው?" አለኝ። የቤት ሥራውን በላጲስ ሦስቴ እያጠፋ ነው የሚሠራው። እሱስ ኩረጃ ሊባል ነው? ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ አስቡበት።

ተረኛዋ፦
የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ልናዘዝ፦ ያለ ሴቭ አራተኛው ስቴጅ ላይ ነው የቀረሁት። ከፋይ ነኝ ማለት ነው። ለኪሷ ነው የምትከራከረው ብላችሁ አንብቡኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ። መርከቧ ስትነሳ ቀርፋፋ ናት። አንዳንድ ጠላት ስትመቱ ቀይ ካፕሱል ይጥላል። ከስክሪኑ ግርጌ ስድስት ሳጥን ተደርድሯል፦ ፍጥነት፣ ሚሳይል፣ ደብል፣ ሌዘር፣ ኦፕሽን፣ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት። እሱ ጋሻ ነው። አንድ ካፕሱል ባነሳችሁ ቁጥር ምልክቱ አንድ ሳጥን ይራመዳል። የፈለጋችሁት ላይ ሲደርስ ትጫናላችሁ። ኦፕሽን የምትፈልጉ ከሆነ አምስት ካፕሱል መታገስ አለባችሁ። ኦፕሽን እንደ ጥላ የምትከተላችሁ፣ ስትተኩሱ አብራ የምትተኩስ የእሳት ኳስ ናት። በፋሚኮሙ ሁለት ድረስ ይፈቀዳል። በሳንቲም በሚሠራው ትልቁ ማሽን አራት ነበር።

አሁን ሙቱ። ያ ሁሉ በአንዴ ይወሰዳል። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ በዛችው ቀርፋፋ መርከብ፣ በዛችው ባዶ ጥይት ትጀምራላችሁ። ጠላቱ ግን ያው ነው። እኔ አራተኛው ስቴጅ ላይ እሳተ ገሞራዎቹ ተገልብጠው ከላይ ድንጋይ ሲያዘንቡ እጄ ላልቶ ጆይስቲኩ ያዳልጠኝ ነበር። በሙሉ ትጥቅ የማልፋቸውን በባዶ እጄ ሃያ ጊዜ ሞቼባቸዋለሁ። በሃያ አንደኛው አለፍኩ። ከዛ ቦሱ፣ የስቴጁ መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ጠላት፣ ጨረሰኝ።

ባንከሩ ሲሞት የሚመለሰው ከነሌዘሩ፣ ከነኦፕሽኑ ነው። እሱ ያቺን መራቆት አያውቃትም። ሰባቱን ስቴጅ አይቷል፣ እውነት ነው። ግን ግራዲየስ ከባድ የተባለው በዛች መራቆት ነው።

ባንከሩ፦
እሺ እህቴ፣ ጥሩ ተናገርሽ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኮናሚ ይሄን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሳንቲም ለሚበላ ማሽን ነው። ቶሎ ካልሞትሽ የማሽኑ ባለቤት ምን ሊበላ ነው? ክብደቱ ለገበያ የተሠራ ነው። በ1986 ወደ ፋሚኮም ሲያዛውሩት ደግሞ ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባለው ፕሮግራመር ራሱ ሊጨርሰው አልቻለም። ምን አደረገ? ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ጨዋታውን አቁመሽ ይሄን ስትጫኚ አብዛኛው ትጥቅ በነጻ ይመጣል። ሊያጠፉት አልተመቻቸውም፣ ጨዋታው ውስጥ ቀረ። የሠራው ሰው የተወውን ቀዳዳ እኔ ብጠቀም ምንድነው ጥፋቴ?

ደግሞ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንን ሌላውን የኮናሚ ጌም፣ ኮንትራን፣ በስንት ላይፍ ነበር የሚጫወቱት?

ካሴት ዘመን፦
በሠላሳ።

ባንከሩ፦
እንዴት?

ካሴት ዘመን፦
በኮዱ ነዋ። ያ ሌላ ነው። ልጅ ነበርኩ።

አድሚን፦
😂 ስቲከር ከለከልኩ እንጂ ኢሞጂ አልከለከልኩም።

ጠጋኙ፦
ጋሼን ተዉዋቸው። ባንከሩም ግን አጭበርብሯል፣ አሁን ባቀረበው ክርክር ላይ ማለቴ ነው። ኮዱና ሴቩ አንድ አይደሉም። ኮዱ ትጥቅ ይሰጥሃል፣ ከሞትክ ያው ባዶህን ትቀራለህ። ሃሺሞቶ ሞትን አላጠፋም። ሴቭ ግን ሞትን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ደግሞ ይሄ ጨዋታ ተንኮለኛ ነው፦ ትጥቅህ ሲበዛ ጠላቱም እየበረታ ይሄዳል። ሳትሞት በቆየህ ቁጥር ይጠነክርብሃል። እንደውም በዚህ በኩል ሴቭ አድራጊው የከበደውን ነው የተጫወተው። ይሄንንም ለባንከሩ እመዘግብለታለሁ።

ተረኛዋ፦
ይሄ ልክ ነው፣ እኔም እቀበላለሁ። ለልጁ እናት ደግሞ፦ ላጲስ ለቤት ሥራ ነው እህቴ። ልጅሽ አንድን ቦታ ሴቭ አድርጎ መቶ ጊዜ ቢለማመድ ጎበዝ ይባላል። እነዚህን ጨዋታዎች በአንድ ሳንቲም የሚጨርሱ ሰዎች የሚለማመዱት እንደዛ ነው። ከዛ ሁሉን አጥፍተው ከአንደኛው ስቴጅ ይነሳሉ። ባንከሩ የቤት ሥራውን ነው የላከልን።

ስለ መብራቱ ግን ፍርድ ይገባዋል። ለመብራት ሴቭ ማድረግና ለሞት ሴቭ ማድረግ ለየቅል ናቸው። ስቴጁ ሲያልቅ አንዴ ሴቭ ያድርግ፣ መብራት ከሄደ ከዛ ይቀጥል። ከሞተ ግን አይንካው።

ካሴት ዘመን፦
ማን ያየዋል? ቤቱ ቁጭ ብሎ።

ተረኛዋ፦
ሴቭ ማድረጉን ማን ነገረን ጋሼ? ራሱ አይደል? የሚዋሽ ሰው ሰኞ ጠዋት አፉ አያመልጠውም።

ካሴት ዘመን፦
እሱስ እውነትሽን ነው።

ባንከሩ፦
አንድ ነገር ልንገራችሁ? የመጨረሻው ቦስ አንድ ትልቅ አንጎል ነው። አይተኩስም። ዝም ብሎ ተቀምጦ መመታቱን ይጠብቃል። ያን ሁሉ አልፌ እዛ ስደርስ ምንም አልተሰማኝም። ቀዝቃዛ ሻይ የመጠጣት ያህል። ፎቶውን የላክሁት እናንተ ስታጨበጭቡ ደስ ይለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ቀድመህ ብትናገር ኖሮ ክርክሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

አድሚን፦
ድምፅ ሰጥተናል። አራት ለሁለት፣ አሳው ለጊዜው አይበላም። የመብራት ሴቭ ተፈቅዷል፣ የሞት ሴቭ ተከልክሏል። ውርርዱ በሁለት ሳምንት ተራዝሟል። ቅዳሜ አሞራ ገደል የምንሄደው እያንዳንዱ በኪሱ ነው። ዳጣው በእኔ። ጋሼ፣ ባለፈው አባ ኮዳው አጥንቱን ከሳህንዎ ላይ ሊወስድ ነበር፣ ዘንድሮ ከውሃው ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ባንከሩ፦
(ሐሙስ ማታ) ያለ ሴቭ ሦስተኛው ስቴጅ። የድንጋይ ፊቶቹ። ከአፋቸው ቀለበት ሲተፉ መሃል ገብቼ ሞትኩ። አሁን ራቁቴን ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እውነቴን ነው።

ተረኛዋ፦
አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የሚመቱት። ስንት ካፕሱል አገኘህ?

ባንከሩ፦
ሁለት። ሚሳይል ወሰድኩ።

ተረኛዋ፦
እሱ ነው የገደለህ። የመጀመሪያዋን ለፍጥነት አውላት። ከዛ ስለ ሚሳይል እናወራለን።