የቮልሴን የጣራ ጨርቅ ራሴ ልቀይር ነው፤ ከየት ልጀምር?

የአባባ ቮልስ

ሰላም ለሁላችሁም። የአባቴ ቮልስ በፈረንጆቹ የ1961 ሞዴል ናት። አባባ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ፣ መኪናዋ አሁን እኔ ጋ ናት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ፍሬኗን አሠርቻለሁ፣ ቀለሟም አይከፋም። ያስቸገረኝ ጣራዋ ነው። የውስጥ ጨርቁ ረግቦ ተንጠልጥሏል፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጭንቅላቱ ይነካዋል፣ መስኮት ከፍተን ስንሄድ ደግሞ ይርገበገባል።

ከስድስት ዓመት በፊት አባባ ወንበር የሚያለብስ አንድ ሰው ጋ ወስዷት ነበር። ሰውየው የድሮውን ጨርቅ ቀዶ አወጣና ጣለው። ከዚያ ላሜራው ላይ ስፖንጅ በማስቲሽ ለጠፈ፣ በስፖንጁ ላይ ጨርቅ ለጠፈ፣ አለቀ። ዓመት ሳይሞላው መልቀቅ ጀመረ። ባለፈው እሑድ አንዱን ጥግ ገልጬ ሳይ ስፖንጁ እንደ ዱቄት ሆኖ ፊቴ ላይ ረገፈ። ጨርቁን መያዝ የነበረባቸው ቀጫጭን ብረቶችም የሉም፣ አንዷ ብቻ ከኋላ ቀርታለች።

አሁን ራሴ ልሠራት ነው። ብር ለመቆጠብ ብዬ ሳይሆን ልጅ ሆኜ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ሳየው የነበረውን ያንን ግራጫ ጣራ መመለስ ስለምፈልግ ነው። የእናቴ ሲንጀር መኪና አለ፣ ቀጥ አድርጌ መስፋት እችላለሁ። የምጠይቃችሁ፦ የፊትና የኋላ መስታወት የግድ መውጣት አለበት ወይ? የጠፉትን ብረቶች ምን ላድርግ? ጨርቁስ ምን ዓይነት ይሁን? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

አሮጌ ካቻቢቴ

ልጄ፣ በቅድሚያ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔ ቮልስ ስፈታና ስገጥም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የምትለው ሥራ በሰው እጅ የሚሠራ ነው፣ አትፍራ። ግን በአንድ ቀን ልጨርስ ብለህ አትነሳ።

ያ ሰውዬ የሠራው ከመነሻው ስህተት ነው። የቮልስ ጣራ ጨርቅ ላሜራው ላይ አይለጠፍም፣ ይሰቀላል። ጣራውን ተከትለው የጎበጡ ብረቶች ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋሉ፣ ጨርቁ ጀርባው ላይ ለእነሱ ተብሎ የተሰፋ ኪስ አለው፣ የብረቶቹ ጫፍ ደግሞ ከበሮቹ በላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይሰካል። ማስቲሽ የሚነካው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። በአዳዲሶቹ መኪኖች ስፖንጅ ያለው ጨርቅ ይለጠፋል፣ እውነት ነው፣ ግን እዚያም ቢሆን የሚለጠፈው ተፈትቶ በሚወጣ ቅርጽ ባለው ሰሌዳ ላይ ነው እንጂ በቀጥታ ላሜራ ላይ አይደለም። ላሜራው ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚግል አንተም ታውቃለህ።

ስለ ብረቶቹ። ሶማሌ ተራ ሂድና ተፈታትቶ ዕቃው የሚሸጥ ቮልስ ፈልግ። የቀረችህን አንዷን ብረት ይዘህ ሂድ፣ እዚያው አስተያያት። እርዝመታቸውም ጉብጠታቸውም ይለያያል፣ ስለዚህ ሙሉውን ከአንድ መኪና ላይ ውሰድ፣ ከዚህም ከዚያም አትልቀም። ስትነቅል በፕላስተር ላይ ከፊት ጀምረህ 1፣ 2፣ 3 እያልክ ቁጥር ለጥፍባቸው፣ የቀኙንም ጎን ምልክት አድርግ። ይህን ያልጻፈ ሰው ሁለት ቀን ሲታገል አይቻለሁ። ቶንዲኖ አጉብጬ ልጠቀም እንዳትል። ለስላሳ ብረት ስለሆነ ጨርቁ ሲወጠር እሱም ይጎብጣል፣ መልሶም አይነሳም። ያገኘሃቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ አንቲ ረስት ቀባቸው። ካልሆነ ዝገቱ በክረምት እርጥበት ሲያገኝ በጨርቁ በኩል ቡናማ መስመር ሆኖ ይወጣል።

መስታወቱ የግድ ይወጣል። የፊቱም፣ የኋላውም፣ የኋላ ጎኖቹም። ጨርቁ የመስኮቱን ከንፈር ዞሮ ከጎማው ሥር ነው የሚገባው። መስታወቱ ሲወጣ ሌላም ነገር ታያለህ፣ ጎማው ሥር ያለውን ዝገት። የኋላው መስኮት ታችኛው ጥግ ላይ ውሃ ስለሚተኛ አብዛኛው ቮልስ እዚያ ይበሰብሳል። አዲስ ጨርቅ በዝገት ላይ ከለጠፍክ ልፋትህ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ዝገቱን ጨርስ፣ ቀለሙ ይድረቅ፣ ከዚያ ጨርቅ።

እና ልጄ፣ ከሁሉም በፊት ባትሪውን ንቀል። ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው። የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት የተነሳባቸው ቮልሶች አሉ፣ ስለዚህ መክደኛው ካልነበረው በዚያው አጋጣሚ አንድ ላስቲክ ክዳን አድርግበት።

ሐረር መንገድ

መስታወቱን በተመለከተ ከጋሼ ጋር አልስማማም። እኔ የኔን ሳላወጣ ነው የሠራሁት። የጎማውን ከንፈር በፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ ገለጥ እያደረግኩ ጨርቁን ወደ ውስጥ ወሸቅኩት። ከወጣ በኋላ መስታወት ቢሰበርስ? የ61 መስታወት ከየት ይገኛል?

አሮጌ ካቻቢቴ

ስንት ጊዜ ሆነው?

ሐረር መንገድ

ስምንት ወር። ፊት ለፊት ላይ ትንሽ ተሸብሽቧል፣ ያው።

አሮጌ ካቻቢቴ

ከጎማው ሥር ማስቲሽ ስላልገባ ነው። ጨርቁን የያዘው የጎማው ጫና ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለ መስታወቱ ግን ስጋትህ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደረቅ ጎማ ላይ አትታገሉ። አሮጌው ጎማ ከጠነከረ ቆርጦ ማውጣት ነው፣ አዲስ ጎማ ይገዛል፣ መስታወቱ ግን ይተርፋል። ስትመልሱት ጎማውን በመስታወቱ ዙሪያ አልብሱት፣ ከላሜራው ጋር በሚያያዘው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ አስገቡ፣ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሀል ላይ ይደራረቡ። የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ ዘይት ግን አይነካውም፣ ጎማ ይበላል። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየገፋ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይስባል፣ ጎማው በላሜራው ላይ እየዘለለ ይገባል። ብቻህን አትሞክረው፣ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

መርፌና ክር

እኔ የመኪና ሳይሆን የመጋረጃና የሶፋ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ግን የባለቤቴን ቮልስ ጣራ ሰፍቻለሁ፣ ስለ ጨርቁ እኔ ልመልስልህ።

ወንድሜ፣ ያ አሁን ያለውን የተበላሸውንም ጨርቅ አትጣለው። ትክክለኛ ልኩን ባይነግርህም የመስኮቶቹን ቅርጽ ያሳይሃል። ዋናውን ልክ ግን ከእሱ አትውሰድ፣ የተለጠፈ ጨርቅና የተሰቀለ ጨርቅ ልካቸው አንድ አይደለም። መጀመሪያ አቡጀዲ ግዛ። ርካሽ ነው፣ ስትሳሳት አያሳዝንህም። ብረቶቹን ቦታቸው ላይ ስካ፣ አቡጀዲውን ከብረት እስከ ብረት እየቆረጥክ በላያቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ስም ጻፍበት፣ የፊትና የኋላ አቅጣጫውን በቀስት አሳይ። መሀል ለመሀል ከፊት እስከ ኋላ አንድ መስመር በእርሳስ አስምር። ያች መስመር ናት በኋላ የምታድንህ፣ ጣራውም ላይ ተመሳሳይ ምልክት አድርግና ሁለቱን እያገናኘህ ትሄዳለህ።

ከዚያ አቡጀዲውን ፍታና በዋናው ጨርቅ ላይ አስቀምጠህ ቁረጥ። ለስፌት አንድ ጣት ያህል ተው፣ ዳር ዳሩን ግን አንድ ስንዝር። እኔ በመጀመሪያው ላይ ዳሩን ቆጥቤ አራት ሜትር ጨርቅ አበላሽቻለሁ፣ በኋላ ስትስበው የምትይዘው ነገር አይኖርህም። ብረቱ የሚገባበትን ኪስ ከሌላ ጠንካራ ጨርቅ ሥራውና ከስፌቱ መስመር ጋር አንድ ላይ ስፋው፣ ከፊት በኩል አንድ ስፌት ብቻ እንዲታይ። ኪሱ ጫፎቹ ላይ ከብረቱ ትንሽ አጠር ይበል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ ክር ፀሐይ ይበላዋል። ስፌቱን ደቃቅ አታድርገው፣ ደቃቅ ስፌት ጨርቁን እንደ ቴምብር ይበሳሳዋል።

ጨርቁ የሚለጠጥ አይሁን። ቲሸርት ዓይነት ጨርቅ ዛሬ ያምራል፣ ነገ ይረግባል። ቀጭን የሱፍ ጨርቅ፣ የሱሪ ሱፍ ከሚሸጥበት፣ ግራጫውን ታገኛለህ። ከመግዛትህ በፊት ትንሽ ለምነህ አንድ ጠብታ ውሃ ጣልበት፣ ሲደርቅ ክብ ምልክት የሚተው ከሆነ ተወው። ሱፍ ሌላም ጥቅም አለው፣ ከተሰቀለ በኋላ ጥቂት መሸብሸብ ቢቀር የካውያ እንፋሎት በሩቁ ስታሳየው ራሱ ይሰበሰባል። ካውያውን ግን ጨርቁ ላይ አታሳርፈው።

ዲሲ ቮልስ

ሰላም ከቨርጂኒያ። ራስህ ብትሰፋው ደስ ይለኛል፣ ግን ተሰፍቶ ያለቀ እንደሚሸጥ እወቅ፣ እዚህ ለቮልስ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ከማዘዝህ በፊት ሁለት ነገር አስተውል። እስከ 62 ሞዴል ድረስ ከፋብሪካ የወጣው ጨርቅ ነው፣ ከ63 ጀምሮ ነጭ የተበሳሳ ሰው ሠራሽ ሌዘር (ቪኒል) ሆኗል። ስለዚህ ልጅነትህን የምታስታውስበት ግራጫ ጨርቅ ለ61 ትክክለኛው ነው። ሌላው ደግሞ በ65 ሞዴል መስታወቶቹ ሰፍተዋል፣ የ65 ወይም ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዝዝ በመስኮቶቹ ዙሪያ አይመጣልህም። ጣራህ የሚከፈት ከሆነም የራሱ የተለየ አለው።

ሰው ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ይገባል፣ ከልብስ አይበልጥም። ሲደርስህ ዘርግተህ አንድ ሁለት ቀን አቆየው፣ የታጠፈበት መስመር ይለቃል።

ከድሬ

ማስቲሹን አትርሱ። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ እዚህ መኪና ከሰዓት ቆሞ ከዋለ ጣራውን በእጅ መንካት አይቻልም። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ተራ ማስቲሽ ተጠቅሜ በሁለተኛው ሳምንት ዳሩ ሁሉ ለቀቀ። ስትገዛ ሙቀት የሚችለውን ብለህ ጠይቅ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም። በሁለቱም በኩል፣ በላሜራውም በጨርቁም፣ ስስ አድርገህ ቀባ፣ በጣትህ ስትነካው እስከማይጣበቅ ድረስ ጠብቅ፣ ከዚያ አገናኝ። እርጥብ እያለ ካገናኘህ አይዝም፣ በሱፉ በኩልም ዘልቆ ይታያል። የድሮውን ማስቲሽ በቲነር አጽዳ። በሮቹ ክፍት ይሁኑ፣ ራስ ምታት ሲጀምርህ ውጣ፣ ልጆችም አጠገብህ አይሁኑ። ይህን የምለው በጋራዥ በር ዘግቼ ሠርቼ ተዝለፍልፌ ስለወደቅኩ ነው።

የአባባ ቮልስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሶማሌ ተራ ሄጄ ነበር። ጋሼ እንዳሉት አንዷን ብረት ይዤ ሄድኩ። ሦስት ቦታ ዞሬ አንድ ሰውዬ ጋ ከ62 ሞዴል የወጡ ሙሉ ብረቶች አገኘሁ፣ አቧራ ውስጥ ታስረው ተቀምጠዋል። የኔን አስጠግቼ ሳያት ከአንዷ ጋር ልክ ገጠመች። ኋላ መስታወቱን ከወንድሜ ጋር አውጥተናል፣ ጎማውን ቆረጥነው። ጋሼ እንዳሉት ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ዝገት አለ። እሱን ላሜራ ሠራተኛ ይጨርስልኝ ብዬ አቁሜያለሁ። እስከዚያ አቡጀዲውን እየቆረጥኩ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጨርቁን ስወጥር ከየት ልጀምር? ሌላው፣ በጎን በኩል ከበሩ በላይ ያለችው የውስጥ መብራት ሽቦዋ በጨርቁ በኩል ነው የምትወጣው፣ ቀዳዳውን መቼ ልቁረጥ?

አሮጌ ካቻቢቴ

ጎበዝ! ሁሉም ብረት ከተሰካ በኋላ ከፊት መሀል ላይ ያዝ፣ ከዚያ ከኋላ መሀል። ያ የእርሳስ መስመር ቀጥ ካለ ወደ ጎን ሂድ፣ ትንሽ ከቀኝ፣ ትንሽ ከግራ፣ እያፈራረቅክ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ስፌቱ ሁሉ ይጠማል። መጀመሪያ ያለ ማስቲሽ በጥቁሩ የወረቀት መያዣ ክሊፕ ዙሪያውን ያዘውና አንድ ሌሊት አሳድረው፣ በነጋታው እንደገና ትንሽ ይለቃል፣ ያኔ ሳብ አድርገህ ለጥፍ። ጥጉ ላይ ጨርቁ ከተደራረበ ቪ ቅርጽ ቁረጥ፣ ግን የቁርጡ ጫፍ ከጎማው ሥር እንዲቀር።

መብራቷን፣ የስፖኪዮውን፣ የፀሐይ መከላከያውንና የልብስ መስቀያውን ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ነው የምትሠራው፣ ማስቲሹ ከደረቀ በኋላ። ሽቦዋ ላይ ረጅም ሲባጎ እሰርና ጫፉን ወደ ታች አውጣው፣ ከጨርቁ ጀርባ አትጠፋብህም። ለብሎኖቹ ቀዳዳውን በጣትህ ዳስሰህ ስታገኘው በወስፌ ብቻ ብሳ፣ በምላጭ አትቁረጥ። ለመብራቷ ደግሞ ከክብ ይልቅ ትንሽ የመስቀል ምልክት ቁረጥ፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፈህ መብራቷ ራሷ ትሸፍናቸዋለች።

መርፌና ክር

አቡጀዲውን ቆርጠህ ስትጨርስ ፎቶ አንሳና ለጥፈው። የኋላው ቁራጭ ጥጎቹ ላይ ይሳሳታል፣ ሱፉን ሳትነካ ልየው።